የቀኝ እግር ጫማ

«ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ጭፈራ ቤት?» አሉ አጎትየው፣ በተጠቀለለ ጋዜጣ ወደ ሳሎኑ ጥግ እያመለከቱ። ከዓሣው ገንዳ በላይ ሰማያዊ መብራት ቦግ ብሏል። «ሰው ሞቶ ዲስኮ? አጥፋው እንጂ፣ አንተ!»

«አንተ» የተባለው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ሃምሳን የተሻገረ፣ የልጅ ልጅ ያየ ቀለም ቀቢ ነው፤ አጎትየው ግን እስከ ዛሬ «አንተ» ከማለት በቀር ሌላ መጠሪያ አላገኙለትም። ተነሣ፤ መብራቱን አጠፋ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ለምን እንደታዘዘ ራሱን የጠየቀው ከተቀመጠ በኋላ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ወንበር የሚደረድረው፣ ዕቃ የሚሸከመው፣ አጥፋ ሲሉት የሚያጠፋው እሱ ነው። ሰውነቱ ለምዶታል።

ሳሎኑ በሰው ተጨናንቋል። ለቀስተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል፤ ግማሹ ስለ ሟች፣ ግማሹ ስለ ቤት ኪራይ ያንሾካሹካል። የተደገፉትን ግድግዳ የቀባው እሱ ነው። ሲጨርስ «እጅህ ይባረክ» ያለው አልነበረም። ወንድሙ ጥጉን በጣቱ ዳሰሰና «እዚህ ጋ ሳስቷል» ነበር ያለው። አልሳሳም ነበር። ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል።

ወንድሙ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። የማስተማሪያዋ መኪና በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲሳሳት አስተማሪው ቀጥ ያደርጋታል። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ቀኝ እግሩን ከዚያች ፔዳል ላይ አላነሣም። ተማሪዎቹ «ጋሼ ፍሬን» ያሉት በከንቱ አልነበረም። እቤቱ እንኳ ልጅ ሲሮጥ ወይም ሚስቱ የፈላ ድስት ስታወርድ፣ ከተቀመጠበት ሆኖ ወለሉን በቀኝ እግሩ ጥርቅም አድርጎ ይጫናል።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሰው ገና ሳይበዛ፣ የሟች ሚስት መጥታ የቀለም ቀቢውን ክንድ ነካ አደረገች።

«ዋርሳዬ፣ ተማሪው ቦታው ላይ የለም።»

ተማሪው ያለችው ሰው አይደለም። አኒሞኒ የሚሉት የባሕር እንስሳ ነው። ከሩቅ ሲያዩት አበባ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን ቅጠሎቹ የሚወዛወዙ ጣቶች ናቸው፤ በጣቶቹ መሐል አፍ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ ላይ የሚጣበቅበትና የሚንፏቀቅበት አንድ እግር አለው። ይሄኛው ገና ጨቅላ ነው፣ ከኮት ቁልፍ ብዙም አይበልጥም። ወንድሙ ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነበር ገዝቶ ያመጣውና «አዲሱ ተማሪ» ብሎ ስም ያወጣለት።

ሁለቱም አጎንብሰው ፈለጉት። ድንጋዮቹ ላይ የለም። አሸዋው ላይ የለም። በመጨረሻ የኋለኛው መስታወት ላይ አገኙት፤ ታኝኮ እንደተጣለ ማስቲካ ኩምትር ብሏል። ከውሃ መሳቢያው ፓምፕ አፍ የአንድ መዳፍ ርቀት ነበር የቀረው።

«እዚያ ከደረሰ ይፈጨዋል» አለች። «አንዱ ከተፈጨ መርዙ ዓሣውን ሁሉ ይጨርሳል ይል ነበር። ብርሃን አጥቶ ነው ዋርሳዬ። ብርሃን ፍለጋ ነው የወጣው።»

«መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አይቼሃለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ሰለለ። «ከዚህ ቤት ሌላ ሬሳ እንዳይወጣብኝ። አደራ። ይሄን ይሄን አልችልም።»

መብራቱን አበራ። ወንበሩንም አንሥቶ ገንዳው ፊት አስቀመጠ።

እዚሁ ቦታ ላይ ነበር ወንድሙ ተማሪውን ባመጣ ሰሞን የሚቀመጠው፤ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሐል ቀርቅሮ። «ና እየው» ብሎ አስጠርቶት ሲመጣ፣ ሰላምታ ሳይሰጠው ነው የጮኸበት።

«እጅህን እንዳታስገባ!»

«ማን አስገባ?»

«ልታስገባ ነበር።»

ተማሪው ያኔም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተንፏቀቀ ነበር። ያረፈበት ሁሉ አልተመቸውም። ቀለም ቀቢው አይቶ አይቶ ሰለቸው። «ታዲያ አንሥተህ ጥሩ ቦታ ላይ አታስቀምጠውም?»

«አይሆንም። ጎትተህ ካነሣኸው እግሩ ይቀደዳል። ቦታውን ራሱ ነው የሚመርጠው። የእኔ ሥራ ውሃውንና ብርሃኑን መጠበቅ ነው፤ ሌላው የእሱ ነው።»

ይህን ያለው ያ ሰው ነው! ቀለም ቀቢው ሳቁ መጣበት፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። ለአንዲት ቁልፍ ለምታህል ፍጥረት የወጣው ትዕግሥት፣ ወንድም ሲሆን የት ተደብቆ ነበር? ዓይኑን ከወንድሙ ፊት ሲያሸሽ ወለሉ ላይ አረፈ፤ የወንድሙ ቀኝ እግር ጫማ አልነበረውም፣ ካልሲ ብቻ ነው። አንደኛው ጫማ ከኋላው፣ ከሶፋው ሥር ተገልብጦ ወድቋል። ወንድሜ አርጅቷል ብሎ አለፈው።

ቂሙ የቆየ ነው። ጎረምሳ ሳለ ወንድሙ መንዳት ሊያስተምረው ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ዳገት ላይ የጭነት መኪና ከፊት እየመጣባቸው ሳለ እሱ ሌላ መኪና ሊቀድም ወጣ፤ ወንድሙ ፍሬኑን ረገጠው፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። እዚህ ድረስ ጥሩ። ማታ ግን ራት ላይ፣ ዘመድ ሁሉ ባለበት፣ እሱ በልቡ የሚያስባት ልጅም በነበረችበት፣ ወንድሙ ሹካውን አስቀምጦ «ይሄ እንኳን መኪና የሕፃን ጋሪም አይገፋ» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት አጎትየው ነበሩ። ልጅቷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ መሪ ጨብጦ አያውቅም፤ የቀለም ቆርቆሮ ጭኑ ላይ አቅፎ በአውቶቡስ ሲጋፋ ኖረ።

ፍሬኑን መያዙ ልክ ነበር። ሰው ፊት መናገሩ ልክ አልነበረም። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሞትም መጥቶ አንዱንም አልሰረዘውም።

ረፋዱ ላይ አንዲት ታክሲ ነጂ መጣች፤ የወንድሙ የድሮ ተማሪ ናት። የሟችን ሚስት አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ሻይ ሲሰጧት እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች መሣቅ ጀመረች።

«ጋሼ ፍሬን ስንቱን አስለቀሱን! ‹ዝግ በይ፣ ዝግ በይ፣ ለቀብርሽ ነው የቸኮልሽው?› ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ምን እንዳደረጉ ታውቃላችሁ? መንገድ መሐል ጎንበስ ብለው የቀኝ እግር ጫማቸውን አወለቁ። አወለቁና ወደ ኋላ ወንበር ወረወሩት! ‹ምነው ጋሼ?› ብላቸው፣ ‹በካልሲ ፍሬን አይያዝም፣ ያማል። ከእንግዲህ ብታጋጪም አብረን ነው› አሉኝ። በቃ፣ ያን ቀን ነጂ ሆንኩ።»

«እኔም ላይ ወርውሯል» አለ ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው። «ሸትቶ ነበር ታዲያ።»

ለቀስተኛው አፉን ይዞ ሳቀ። ቀለም ቀቢው አልሳቀም። ለእኔ አላወለቀልኝም፣ አለ በልቡ። ለስንት ባዳ አውልቆ፣ ለእኔ አላወለቀም። ወዲያው ግን ከሶፋው ሥር ተገልብጦ ያየው ጫማ ትዝ አለው። ሰውየው ያን ቀን አርጅቶ አልነበረም፤ አውልቆ ወርውሮት ነው እንጂ።

አጎትየው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት መብራቱን ነው። «ማን አበራው?» ቀረብ ብለው መስታወቱ ላይ አፈጠጡ። «ይሄማ ሞቷል! አታዩም እንዴ ተጨማዶ? ሳይሸት አውጥታችሁ ጣሉት። አንተ፣ ማንኪያ አምጣና ፈልቅቀው።»

ተማሪው ከፓምፑ አፍ የአንድ ጣት ርቀት ቀርቶታል።

ቀለም ቀቢው ተነሣ። ማንኪያ ሊያመጣ የመሰላቸው ነበሩ፤ የሟች ሚስት ሳትቀር። እሱ ግን እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ውሃው ውስጥ አጠለቀ፤ አውጥቶም አሸተተው።

«አልሸተተም። ከሞተ ውሃው ራሱ ይገማ ነበር። የሚነካው የለም!»

«እኔን ነው?»

«እርስዎንም ነው፣ አጋሼ። ይቀመጡ።»

አጎትየው ተቀመጡ።

ከበሩ ኋላ ከተቀመጠው የሥራ ቦርሳው ውስጥ ቀለም ያልነካው አዲስ የመቀቢያ ሮለር አወጣ። ስፖንጁን በምላጭ ሸልቶ ገፈፈና በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ አጠበው። ከዚያ የፓምፑን ሶኬት ነቀለ። እስከዚያ ድረስ ማንም ሳያስተውለው ሲያጉረመርም የነበረው ድምፅ ቀጥ ሲል፣ ሳሎኑም ሹክሹክታውን አብሮ አቆመ።

እጁን እንደገና ሰደደ። ተማሪው ከአውራ ጣቱ አጠገብ ነው። ጥፍሩን ከሥሩ ሰካ አድርጎ አንዴ ቢፈነቅለው ይበቃል፤ አንሥቶ ድንጋዩ ላይ፣ ጥሩው ቦታ ላይ ሊያኖረው ይችላል። እጁ ዘንበል አለ። አለና ቆመ። ጣሪያ ሲቀባ ጠብታ የማያስወድቅ እጅ ነው፤ ቁም ሲሉት ይቆማል። ተማሪውን አልፎ ሄዶ ስፖንጁን የፓምፑ አፍ ላይ ጠመጠመና በናይለን ክር አሰረው። ውሃ ያልፋል፣ እግር አያልፍም። መያዝ ያለበት ይሄ ብቻ ነው፤ ሌላው የእሱ ነው።

ሶኬቱን ሰካ። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ሰውም ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ።

ቀለም ቀቢው ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እርጥብ እጁን ከደረቁ ጋር ጉልበቶቹ መሐል ቀረቀረ። ብዙ ቆየ። ለቀስተኛ ገባ፣ ለቀስተኛ ወጣ። የሟች ሚስት መጥታ ከኋላው ቆመች።

«ይተርፋል?»

«አላውቅም፣ እትዬ። እሱ ነው የሚያውቀው።»

ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ፣ መስታወቱ ላይ ኩምትር ያለው ተማሪ ተንቀሳቀሰ። አንዷ ጣቱ ተፈታች፤ ሌላዋም ተከተለች። ከዚያ የእግሩ ግማሽ ከመስታወቱ ለቀቀ። ግማሹ ብቻ ይዞ ውሃው ያወዛውዘው ጀመር፤ ሊወድቅ ይሁን ሊሻገር አይታወቅም። የቀለም ቀቢው ቀኝ እግር፣ ሳያዘው፣ ወለሉን ጥርቅም አድርጎ ተጫነ።

እግሩን አየው። የማን እግር እንደሆነ አወቀው።

ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ፈታ። አወለቀው፤ ዞር ብሎም ሳያይ ወደ ኋላ ወረወረው። ጫማው ተንከባሎ አጎትየው ወንበር ሥር ሄዶ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?» አሉ አጎትየው።

ታክሲ ነጂዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የሟች ሚስት ሄዳ ጫማውን አነሣች፤ ለባለቤቱ ግን አልመለሰችለትም፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣው ተቀመጠች። ቀለም ቀቢው ዓይኑን ከመስታወቱ አላነሣም። ካልሲ ብቻ የቀረለትን እግሩን ከወለሉ አንሥቶ ወንበሩ ሥር አጠፈው።