ስቱኮ የጠጣው ክንፍ

ወንድሜ ጉርሜሳ የነጋዴው የአቶ ከበበው መካኒክ ነበር። ከሰውዬው አውሮፕላኖች ትንሿ ለቡ ሜዳ ላይ፣ ከማሳችን አጠገብ ታድራለች። በ1953 ታኅሣሥ ወንድሜ አንድ ሐሳብ ገባበትና ቤታችን ሰላም አጣ።

«ደራርቱ፣ ክንፉ ስቱኮ ተቀብቶ እንደ መስታወት ከለሰለሰ አየሩ ሳይተራመስ ተንሸራቶ ያልፋል። ያኔ አውሮፕላኗን የሚጎትታት ነገር ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ይተርፋል» ይለኛል። ወይ ጣጣ! እራት እንኳ አያስበላኝም።

አቶ ከበበው አንድ በረራ ፈቀዱለት። «ዝዋይ ደርሳ ትመለስ። ቤንዚኑ ከቀነሰ ሌሎቹን አውሮፕላኖቼንም ትሠራለህ። ካልቀነሰ ስቱኮህን ፍቀህ ከሥራህ ትሰናበታለህ» አሉት።

ሁለታችን ስቱኮ ቀብተን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን። መዳፌ ተላጠ። ግን ክንፉን ስዳብሰው፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

የበረራው ዕለት ጠዋት ነፋስ መጣ። አባዬ ጤፉን ወቅቶ ነፋስ ሲጠብቅ ነው የሰነበተው፤ በፉሪ በኩል ደግሞ ደመናው ጠቁሯል። ውድማው ላይ የማዝሪያ ላይዳውን ይዞ ቆመና «ጉርሜ፣ ላዝራ ወይስ ልተው?» አለ።

አውሮፕላኗ ስትነሳ ገለባው ክንፉ ላይ ካረፈ ልፋታችን ገደል ገባ። ጉርሜ ደመናውን አየ፣ ክንፉን አየ። «አዝራ አባዬ፤ እኛ ክንፉን ሸፍነን ከሰዓት እንነሳለን» አለው። አብራሪው አጉረመረመ። እኔም አጉረመረምኩ፣ ምን ልደብቅ!

ከሰዓት ጤፉ ጎተራ ገባ። ነፋሱ ተኛ፣ ሜዳው ሞቀ፣ ከሣሩ ትንኝ ተነሳ። አውሮፕላኗ በመሃሉ ሰንጥቃ ወጣች። ስትመለስ የክንፉን ግንባር ትንኝ ተጨፍልቆበት፣ ደርቆ ሻካራ አድርጎታል። አየሩ እዚያው ግንባሩ ላይ ተተራምሷል ማለት ነው። ቤንዚኑ ተለካ፤ ያው ነው!

«ለምን በጠዋት አልተነሳችሁም?» አሉ አቶ ከበበው።

አባዬ አጠገባችን ቆሟል። ልናገር አፌን ስከፍት ጉርሜ ክንዴን ጨበጠኝ።

«ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ» አለ።

«እንግዲያው ፋቀው» ብለው ሄዱ።

አባዬ ፀጉሩ ላይ ገለባ እንዳለ ወደ ክንፉ ቀረበ። ከዚያ ቀን በፊት ነክቶት አያውቅም። ትንኝ ያልነካውን ቦታ በመዳፉ ቀስ ብሎ ዳበሰው።

«እንዲህ ልስልስ ነበር እንዴ?» አለ።

ጉርሜ መፋቂያዎቹን አምጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። አባዬ አንዱን መፋቂያ አንስቶ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ።