የማይንቀጠቀጠው ስፒከር

ልብስ ሰፊዋ ትንሿን ሲንተሳይዘሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ባሏን አስከትላ ወደ ድምፅ ማጉያ መደብሩ ስትገባ፣ ሻጩ ሕፃን የታቀፈች መስሎት በሩን ቀስ አድርጎ ነበር የከፈተላት። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ነጭና ጥቁር ቁልፎች ብቅ አሉ። ሻጩ ሳቀ፤ እሷ ግን ለሳቅ አልመጣችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ቀን ስትሰፋ ትውልና ማታ ዜማ ትደርሳለች። የነበሩበት ቤት ግድግዳው ስስ፣ ጎረቤቱ ቁጡ ስለነበር ዓመታት ሙሉ የተጫወተችው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ባሏ ደግሞ ዕድሜውን የፈጀው ወፍጮ ቤት ነው፤ ወፍጮው እህሉን ሲፈጭ የሱንም ጆሮ አብሮ ፈጭቶታል። አፍ አፍ እያየ ወሬ ይከታተላል እንጂ ከዜማዎቿ አንዱንም ሰምቶላት አያውቅም። አሁን ለብቻው የቆመ ቤት ተከራይተዋል። የቀረችው የመስማት አቅሙ ሳትሄድ አንዷን እንኳ ልታሰማው ቆርጣ ተነስታለች፤ ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።

ሻጩ ምላሱ ቅቤ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል አምፕሊፋየር ከሁለት ግዙፍ ስፒከሮች ጋር አገናኝቶ ዘፈን ለቀቀ። የመደብሩ መስታወት ሳይቀር ተርገፈገፈ።

“እሱን ዝጋልኝ የኔ ወንድም” አለችው። “ተቀድቶ ያለቀ ዘፈን የተተኮሰ ልብስ ማለት ነው፤ ስፌቱን ይደብቃል። እኔ በራሴ ነው የምሞክረው።”

ሲንተሳይዘሯን ሰክታ ወፍራሙን ድምፅ ተጫነች። ድምፁ አብጦ ወጣና አልሄድም አለ፤ የሚቀጥለው ሲመጣ የፊተኛው ገና በሩ ላይ ተገትሯል። ቀጥላ አንድ ማዞሪያ ብቻ ያለውን ግራጫ አምፕሊፋየር ከሌሎች ሁለት ጥቋቁር ስፒከሮች ጋር አስሞከረች። እዚህ ግራ እጇ ቀኝ እጇን አልረገጠውም፤ እያንዳንዱ ድምፅ ጥርት ብሎ መጥቶ በጊዜው ሄደ። ደስታዋ ፊቷ ላይ ታየ።

ባሏ በበኩሉ ሥራውን ይዟል። ወፍጮ ቤት ሞተር የሚመረመረው በመዳፍ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይሠራል፣ ካልተንቀጠቀጠ ቆሟል። መዳፉን ግዙፉ ስፒከር ላይ አሳርፎ እንድትጫወት አደረጋትና ፊቱ ፈካ። “ይኸው፣ እጄ ላይ እየተጫወትሽ ነው” አላት። ጥቁሩን ነካና ራሱን ነቀነቀ። “ይሄኛው አልተነሳም።”

“ጋሼ፣ የማይንቀጠቀጠው እኮ ድምፁን ለራሱ ስለማያስቀር ነው” አለ ሻጩ። ጋሼ አልሰሙትም።

ሴትዮዋ ጭንቅ ውስጥ ገባች። ለሷ ጆሮ የሚሆነው ለሱ መዳፍ ዲዳ ነው፤ ለሱ መዳፍ የሚሆነው ዜማዋን ያበላሸዋል።

“ብቻሽን ብትመጪ የቱን ትገዢ ነበር?” አላት ባሏ።

“ይሄን” አለች፣ ግዙፉን እያሳየች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጆሮው ቢደክምም ዓይኑ አልደከመም። ፊቷን አየት አደረገና ወደ ሻጩ ዞረ። “ጥቋቁሮቹን ጠቅልልልን” አለው።

መንገዱን ሙሉ ተከራከረችው። እሱ ክርክር ሲመረው እንደሚያደርገው አፏን ላለማየት ፊት ፊቱን እያየ ሄደ፤ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ተሟግቶ የረታ የለም።

ቤት ገብተው ገጣጠሙ። ከሁሉ የምትወዳትን ዜማ ጀመረች። እሱ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አኖረ፤ ምንም። ወለሉን ነካ፤ ሲሚንቶ ነው፣ ምንም። “ጥሩ ነው” አለ ለወጉ ያህል። እጇ መጫወቱን ባይተውም ልቧ ተሰብሯል።

ኮቱን ሊሰቅል ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዶ በሩን ሲነካ ቀጥ ብሎ ቀረ። ሰፊው የጣውላ በር ይርገበገባል። ኮቱን ጥሎ ጀርባውን ለጠፈበት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አገጩ ምቱን መከተል ጀመረ። ደግሞ እየተከተለ ብቻ አልነበረም፤ ዜማው የሚታጠፍበት ቦታ ሲቃረብ እሷ ሳትደርስ ቀድሟት እጁን አነሳ።

እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ዓይኑን ሲገልጥ “ይህቺን ከየት ታውቃታለህ?” አለችው።

“ለምን አላውቃትም? ማታ ማታ እያየሁሽ አይደል የምተኛው። እዚህ ጋ ትከሻሽ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ዝም ትያለሽ፣ ከዚያ ፈገግ ትያለሽ። ድምፁ ብቻ ነበር የጎደለኝ።”

ሴትዮዋ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት፤ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። እሱ ከቁም ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም።

“ምነው ቆምሽ?” አላት። “ፈገግ የምትይበት ጋ እኮ ገና አልደረስንም።”