የገሠሠ ጎራዴ

ብርነሽ ከአጎዛው ላይ ብድግ ስትል ጎረቤቷ ጌታነሽ ነጠላዋን ያዝ አደረገችና ወዴት እንደሆነ ጠየቀቻት። ባሏ ገሠሠ ከተቀበረ ገና በማግስቱ ነው፤ ሐዘንተኛ ጓሮ ለጓሮ ሲል ሰው ምን ይላል? ብርነሽ ግን ፀሐይ ማዘቅዘቋን አይታለች፤ የኅዳር ውርጭ ደግሞ ሐዘን አያውቅም። መጣሁ ብላ ወጣች።

ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ፣ ገሠሠ አበባ የተከለበት መደብ አጠገብ ቁጢጥ አለችና ከአፈሩ ብቅ ያሉትን ወፋፍራም ሥሮች በእጇ አፈር ታለብስ ጀመር። ይኼን በየምሽቱ ታደርገው ነበር፣ ያውም ከገሠሠ ተደብቃ። እሱ አፈሩን ጠዋት ጠዋት እየገፈፈ ያስቸግራት ነበር። ደግነቱ ከብቶቹን አስገብቶ ወደ ጓሮ ከመዞሩ በፊት የቤቱ ማዕዘን ጋ ቆሞ ያስል ስለነበር አንድም ቀን እጅ ከፍንጅ ይዟት አያውቅም።

ልጃቸው ጽናት በአራት ዓመቷ በሳንባ ምች የሞተችው በዚሁ በውርጭ ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ብርነሽ ደጅ የሚያድር ነገር ሁሉ የሚበርደው ይመስላታል።

ተክሉን ገሠሠ ከመሐል ሜዳ ችግኝ ጣቢያ ያመጣው ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ነበር። ስሙ አይሪስ ነው፣ አበባው ሐምራዊ ነው ተብሎ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ከቅጠል በቀር ያየ የለም። ቅጠሉ ሹልና ረጅም ስለሆነ መንደርተኛው "የገሠሠ ጎራዴ" እያለ ያሾፍ ነበር፤ ገሠሠም አብሮ እየሳቀ "ዘንድሮ ታያላችሁ" ይል ነበር። ሞት የማይቀር ነው፤ ብርነሽን ያንገበገባት አንዲት አበባ እንኳ ሳያይ መሄዱ ነው።

በሣልስቱ ተክሉን የሰጠው የችግኝ ጣቢያው ሰው፣ ታዲዮስ፣ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ንፍሮው ቀርቦለት ጥቂት እንደተቀመጠ ብርነሽ አበባው ለምን እምቢ እንዳለ ጠየቀችው። ታዲዮስ አቀረቀረ።

"ሥሩ ጀርባውን ፀሐይ ካልመታው አያብብም፣ እትዬ ብርነሽ። አፈር ከለበሰ ቅጠል ብቻ ነው።"

"ይኼን ለእሱ ነግረውት ነበር?"

"ያን ጊዜውኑ ነግሬዋለሁ። ዐምና ደግሞ መጥቶ ማታ ማታ የሚያለብሱት እርስዎ እንደሆኑ አጫወተኝ። ታዲያ ለምን ተዪ አትላትም ስለው፣ 'ጽናትን ከቀበርን ወዲህ የምታለብሰው እሱን ብቻ ነው፤ እንዴት ብዬ ልከልክላት?' አለኝ።"

ብርነሽ አላለቀሰችም። ያ ሁሉ ሳል ምን እንደነበር ገና አሁን ገባት። ተነሥታ እንድትሄድ ጊዜ ሲሰጣት ኖሯል።

ሲመሻሽ ስትወጣ ጌታነሽም አልያዘቻት። አፈሩን በጣቶቿ እየጫረች የእያንዳንዱን ሥር ጀርባ ገለጠች። ብርዱ መውረድ ሲጀምር እጇ በራሱ ወደ አፈሩ ሄደ፤ መለሰችው። ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ዐይኗን ማዕዘኑ ላይ እንደተከለች፣ ሳሉ እስኪሰማ የምትጠብቅ ይመስል ቁጢጥ ብላ ቆየች።