ውርጭ ያልጎበኘው ክምር

በዚያ ደጋ መንደር የበቆሎ አገዳ አይቃጠልም። በቆሎው ተሰብስቦ ሲያልቅ አገዳው ይታሰርና ድንበር ላይ ይቆማል፤ በጋውን ከብት ይበላዋል። ውስጡ የተደበቀ ትል ቢኖር ውርጭ ይጨርሰዋል። አያቶቻቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ፈጣሪም ውርጩን ነፍጓቸው አያውቅም።

በመንደሩ ያለች አንዲት መበለት ግን ከቆላ የተዳረች ናት። በእሷ አገር ውርጭ የለም፤ አገዳ ወይ ተሰንጥቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ወይ ይቃጠላል። ባሏ ከሞተ በኋላም መንደሩ «ቆላዋ» ማለቱን አልተወም።

የባሏ ታላቅ ወንድም ክፉ ሰው አልነበረም። የወንድሙ መሬት ጦም እንዳያድር ግን እንቅልፍ አጥቷል።

«አንድ ዓመት ልይሽ» አላት። «ምርት ካስገባሽ ከዚያ ወዲያ አፌን አልከፍትም። ካቃተሽ እኔ አርሰዋለሁ፤ አንቺ ቀለብሽን ትወስጃለሽ።»

«እሺ ጋሼ።»

የራሷን አገዳ አቃጠለች። እሱ በድንበራቸው ላይ ቤት የሚያክል ክምር አቆመ። አንዱን አገዳ መዝዛ ሰነጠቀችና ይዛለት ሄደች።

«ጋሼ፣ ይዩት፤ ይንቀሳቀሳል።»

«የቆላ ትል እዚህ መጥቶ ምን ሊሆን? ብርድ ልብስ ይዞ ካልመጣ።»

አጠገቡ የተቀመጡት ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች፤ የወንድም ሚስት ምን ታደርግ።

«ውርጩ ቢቀርስ?»

«ውርጭ ቀርቶ ያውቃል?»

ቀረ። በየማለዳው ሣሩን በመዳፏ ትዳብስ ነበር፤ ይረጥባል እንጂ አይነጣም። የግብርና ባለሙያው ቢሮ ሄዳ ስትጠይቅ፣ የጠዋት ብርድ የሚመዘግብበትን ደብተር አዞረላት።

«ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ ከዜሮ አልወረደም እህቴ። አየሩ እየሞቀ ነው፤ አገዳ ቆርቁር ትሉም ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣ ነው።»

«እባክህ ለጋሼ ንገርልኝ።»

«ነግሬያቸው ነበር። ‹አንተ ስንት ዓመት ኖርክና?› አሉኝ።»

ዝናብ ሲጥል ትሉ የእሳት እራት ሆኖ ከክምሩ ወጣና እሷ ማሳ ላይ እንቁላሉን ጣለ። በቆሎዋ ጉልበት ሲደርስ የመሃሉ ቅጠል ይደርቅ ጀመር፤ ሳብ ስታደርገው እንደ ክር ተመዞ እጇ ላይ ይቀራል። ከንጋት እስከ ቀትር ትል ለቀመች፤ ጣቶቿ አረንጓዴ ሆኑ። እያንዳንዱን ተክል ስትነካ «አምላኬ፣ አንተ ጠብቀው» ትል ነበር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

መንደሩ ደግሞ ምክንያቱን አገኘ። «ከእሷ ጋር ነው የመጣው፤ ከአባቷ ቤት ያመጣችው ስጦታ መሆኑ ነው» ተባለ።

የጋሼም ማሳ ተበልቷል። እሱ ግን ወንዙ ዳር ሌላ ማሳ ነበረው፤ እሷ ያላት ያው አንዱ ብቻ።

መከር ሲደርስ ከማሳው ሁሉ ሁለት ቁና አስገባች። ጋሼ መጣና ደጃፏ ላይ ቆመ፤ ይግቡ ብትለውም አልገባም።

«ትሉ ከእኔ ክምር ነው አለኝ ባለሙያው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ቢሆንም ቃል ቃል ነው። መሬት ጦም አያድርም።»

በሳምንቱ አገዳውን እያሰረ ሲያቆም አየችው። አሁን ድንበር የሚባል ስላልነበረ ክምሩን ያቆመው የእሷ ማሳ በነበረው መሃል ላይ ነው።

«ያቃጥሉት ጋሼ።»

«ከብቶቹ ምን ይብሉ?» ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «ዘንድሮ ውርጩ ይመጣ ይሆናል። እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል» አለች። «እኔም አውቅ ነበር።»