የነጅዋ ዓይን

ሙሚና ከዓሣዎቹ ጋር ጠብ አልነበራትም። ጠቧ ከነጅዋ ጋር ነበር።

እንዲያውም ባሏ አብራር ያንን የመስታወት ገንዳ ጭሮ ድረስ አስጭኖ ሲያመጣው ከሁሉ በላይ የፈነደቀችው እሷ ናት። ጅቡቲ ያለ የጫት ደንበኛው አገር ሲቀይር የሰጠው ነው። ውስጡ ብርቱካንማ ዓሣዎች አሉ፤ ድንጋይ የሚመስሉ ግን ነፍስ ያላቸው ኮራሎች አሉ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የሰፈር ሰው ሁሉ እየመጣ ጉድ ብሎ ሄዷል። ምን ዋጋ አለው፣ የባሕር ነገር አመለኛ ነው። በጨው የተበጠበጠው ውሃ ትንሽ ከተበላሸ ሁሉም ባንድ ቀን ያልቃሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ይለካል፦ ውሃው በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳል፣ ጠብታ ይጨመርበታል፣ የመጣው ቀለም ከካርድ ጋር ይተያያል። ነጅዋ በየሐሙሱ አሥር ሰዓት የምትመጣው እንግዲህ ይህን ለማየት ነው።

ነጅዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ባል የላትም፣ መልክ ግን አላት። "እሷ የምርመራ ነገር ስለምታውቅ ነው" ይላል አብራር። ሙሚና ይህችን ምክንያት ሦስት ወር ሙሉ ልትውጣት ሞከረች፤ አልወርድ አለቻት። ጠብታ ቆጥሮ ካርድ ማየት የምን ምርመራ ነው? እሷስ ዓይን የላትም? ሁለቱ ገንዳው ሥር ይጠጋጋሉ፤ ነጅዋ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ትላለች፤ አብራር ይጽፋል። ሙሚና ስትገባ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ነው አንጀቷን የሚያሳርራት። ቢሳሳቁ ይሻላት ነበር።

ወሬ ሆዷ ውስጥ አያድርምና ለጎረቤቷ ለሳብሪና ነገረቻት። "ዓሣው ሰበብ ነው፣ አቦ" አለች ሳብሪና። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሲሆን የሰፈሩ ሴቶች በር በራቸው ላይ መቆም ለመዱ።

በዚህ መሀል ጠብታዎቹ እያለቁ መጡ። የአብራር የአጎት ልጅ ታጁዲን ጫት ጭኖ ጅቡቲ ወርዶ ነበርና አዲስ መለኪያ እንዲገዛ ተላከ። ሲደውል አብራር ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶ ገበያ ወጥቷል። ሙሚና አነሳችው።

"ሦስት ዓይነት አለ" አላት ታጁዲን። "አንዱ እንደ ድሮው ጠብታ ነው፤ አራት ነገር ይለካል። አንዱ ነክረሽ የምታወጪው ወረቀት ነው፤ እሱን ሻጩ ራሱ አላመነውም። ሦስተኛው ማሽን ነው፤ ቁጥር ይጽፋል።"

"ማሽኑ ቀለም የሚያይለት ሰው አይፈልግም?"

"ምንም አይፈልግም። ራሱ አይቶ ይነግርሻል። ግን የሚለካው—"

"እሱን አምጣ።"

"ስሚኝ እንጂ እህቴ፣ እሱ እኮ አንድ—"

"ማሽኑን አልኩህ፣ ታጁዲን።" ስልኩን ዘጋችበት።

ታጁዲን ከጅቡቲ ተመልሶ በሚኤሶ በኩል ጭሮ እስኪገባ ድረስ ሙሚና ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። በሐሳቧ ነጅዋን አባረረቻት፤ ያውም አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አብራር ማሽኑን ከፍቶ ውሃ ጨመረበትና ተጫነው። ቁጥሩ ብቅ ሲል ፊቱ በራ። "ስምንት ነጥብ ሁለት" አለ። "እኔው ራሴ አነበብኩት።"

"እንግዲህ ነጅዋን ማድከም ቀረ" አለች ሙሚና፣ በጣም ረጋ ብላ።

አብራር ካርቶኑን አገላበጠው፤ ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ። "ይኼ የውሃውን አሲድነት ብቻ ነው የሚለካው። ዓሣ የሚገድለውን አሞኒያን አያውቀውም። ነጅዋ መምጣቷ አይቀርም።"

ሙሚና ብድግ አለች። ከድሮው ጠብታ ከታች የቀረውን አንስታ ራሷ ቆጥራ ጨመረች፤ ብልቃጡን ነቅንቃ ጠበቀች፤ ከዚያ ከካርዱ ጋር እጁ ላይ አስጨበጠችው። "አንብበው። ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፣ አረንጓዴ ከሆነ መጥፎ ነው፤ ሕፃን ያውቀዋል። ለዚህ ሴት ይጠራል?"

አብራር ብልቃጡን አየ፣ ካርዱን አየ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ደግሞ አየ። "ቢጫ ነው" አለ።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነበር።

"አትቀልድብኝ፣ አብራር።"

"ቢጫ አይደለም እንዴ?" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። እየቀለደ አለመሆኑ ያኔ ገባት።

ተቀመጠና ነገራት። ከሦስት ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ የዓይን ምርመራው ላይ ነው የወደቀው፤ የመረመረችው ነጅዋ ነበረች። ቀይና አረንጓዴ ሲፈጠር ጀምሮ አይለይም፤ ቢጫውም ይምታታበታል። ጫቱን የሚመርጠው በጣቱ ነው፤ ልስላሴውን ዳስሶ። "ቀዩን ቀንበጥ ከአረንጓዴው የማይለይ የጫት ነጋዴ ነኝ። ገበያው ይህን የሰማ ቀን አበቃልኝ፤ ያገኘውን መናኛ ጫት ሁሉ ነው የሚያሸክመኝ።"

"ለሷ ነግረህ ለኔ ትደብቃለህ?"

"ለሷ አልነገርኳትም። ራሷ አየች፣ ዝም አለች። አንቺ ግን... እስቲ በአላህ፣ ለአንቺ ነግሬሽ መልሼ ከሳብሪና ያልሰማሁት ምን አለ?"

ሙሚና ብልቃጡን ከእጁ ተቀብላ ደፋችው። እስከዛሬ የቀናችው በነጅዋ መልክ ነበር። አሁን የቀናችው በተዘጋው አፏ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ባሰ። ለመልክስ ኩል አለ።

ውሃው እንደተበላሸ አውቀዋልና እየተጋገዙ ግማሹን ቀየሩት። ነጅዋ በሰዓቷ መጣች። "ዛሬ እኔ አንብቤዋለሁ" አለች ሙሚና። "አረንጓዴ ነበር።" ነጅዋ አብራርን አየችው፣ እሷን አየቻት። ምንም ሳትጠይቅ "አልሐምዱሊላህ፣ ቶሎ ደረሳችሁበት" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አለመጠየቋም ራሱ ሙሚናን አቃጠላት።

ልትሸኛት በር ድረስ ወጣች። ነጅዋ ባጃጅ ይዛ ስትሄድ ሳብሪና ሦስት ሴቶች አስከትላ ተጠጋች። "ዛሬስ ምነው ቶሎ ወጣች? ያዝሻቸው?"

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ ትዳሯ ከሐሜት ይጠራል፣ የሳብሪና አፍ ይዘጋል፣ እሷም ሞኝ አትባልም።

"የያዝኩት የለም" አለች ሙሚና። "ቅናት ነው። በባዶ ሜዳ ቀንቼ ነው የሰው ስም ሳጠፋ የከረምኩት።"

ሴቶቹ ሳቁባት። ሳብሪና ነጠላዋን አስተካክላ ወሬውን ይዛ ለመሄድ ስትጣደፍ ያስታውቅባት ነበር፤ ከመግሪብ ሶላት በፊት ሰፈሩ በሙሉ ሙሚናን መሳቂያ ያደርጋታል። ሙሚና በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችው። ነጅዋ ይህን ምስጢር ሦስት ዓመት ችላ ይዛዋለች። እሷ ገና ግማሽ ቀን አልሞላትም፤ ቅናቷም እንዳለ ነው።