ቀዩ ማብሪያ

«ለሚመለከተው ሁሉ! ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ቀይ ማብሪያ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ መንካት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል።»

ማስታወቂያው ሁለት ማኅተም ተመቶበታል። ማብሪያዋ ግን አውራ ጣት የማታክል ፕላስቲክ ናት።

ክልከላው ለማን እንደወጣ ለማንም አልተሰወረም። መሐንዲሱን ባልደረቦቹ «አቶ ምናልባት» ይሉታል፤ ደህና አደርክ ሲሉት እንኳ «ምናልባት» ይላል ብለው ያሙታል። የሠራው ሳጥን ከግድግዳው ሶኬት መብራት ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ለኦክስጅን ማሽን ሦስት መቶ ዘጠና ቮልት ያቀብላል። ችግሩ አነሣሡ ላይ ነበር፤ ሲበራ እንደደነበረ በሬ ዘሎ አራት መቶ ሰባ ይገባና ካፓሲተሩን፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ ያፈነዳል። ሁለት ሳጥን እንዲህ ቀበሩ። ሦስተኛውን ቮልቱ ቀስ እያለ እንዲወጣ አድርጎ ሠራው። አርባ ጊዜ አስነሡት፤ አንዴም አልዘለለም።

ግን አርባውንም ጊዜ የተነሣው ከባዶ ነው። መብራት ለአፍታ ጠፍቶ ቢመለስስ? ካፓሲተሩ ገና አልጎደለም፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ ጎደለብኝ ብሎ ያለ የሌለ ጉልበቱን አሰባስቦ ይጠብቅና መብራቱ ሲመለስ ይዘላል። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ የእህቱ ባል ነው፤ ያለፉት ፈተና አይደገምም ብሎ መለሰው። ይህ ሳጥን ዛሬ ከሰዓት የሚሄደው ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ አማት፣ ማለትም ለመሐንዲሱ እናት የኦክስጅን ማሽን ነው። እሳቸው ሰፈር መብራት በቀን አምስቴ ዓይኑን ይጨፍናል።

ሳጥኑ ሲመረቅ እንዲያዩ የተጠሩት እንግዶች ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አቃንቶ ሳጥኑን በቀዩ ማብሪያ አበራ። የቮልት መለኪያው ቁጥር ቀስ ብሎ ወጣና ሦስት መቶ ዘጠና ላይ አረፈ። ተጨበጨበ። መሐንዲሱ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። ጭብጨባው ሳያልቅ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ፤ አጠፋ፣ ወዲያው መልሶ አበራ።

ቁጥሩ ዝቅ አለ፣ ተነሣ፣ ዘለለ። ጧ!

ጭሱ ሲገለጥ ሁለት እንግዶች ከጠረጴዛ ሥር ወጡ። ከባልደረቦቹ አንዷ፣ የብየዳ ሠራተኛዋ፣ ሳጥኑን አየት አድርጋ፣ «ይሄኛውስ ምናልባት የለበትም» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ከትከሻው ላይ ፍርፋሪ እያራገፈ ቀረበ። «ለምን ነካኸው? በል፣ እዚሁ ሰው ፊት አስረዳ።»

መሐንዲሱ ሁሉን ያስረዳባቸውን ሦስት ደብዳቤዎች አሰበ፤ ከዚህ ሳጥን የተረፉትን እናቱንም አሰበ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ።

«አላስረዳም» አለ።