አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ

ምንትዋብ ያን ምሽት እራት ሳትቀምስ ወደ መኝታዋ የገባችው በአንድ ምክር ተጨንቃ ነበር። ልጇ ብሌን በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን መኪና ነድታ ወደ ሥራ ልትሄድ ነው። ይህን የሰሙት አጎቷ ጋሽ ደምሰው ደስ ብሏቸው መጡ፤ ሳሎኑ ውስጥም ሁለት ትራስ እንደ መኪና እያስጠጉ፣ መጋቢው መንገድ ከቀለበት መንገዱ የሚገናኝበትን ቦታ እንዴት እንደምታልፍ ሲያስተምሯት አመሹ።

«ከፊትሽ ካለው መኪና ጋር ተጣበቂ» አሏት። «ፍሬቻ የሚያበራብሽን ሰው ዞረሽ አትዪው፤ ካየሽው አለቀልሽ። አንዱን ካስገባሽ አገሩ ሁሉ ባንቺ በኩል ነው የሚገባው።»

ብሌን እየሳቀች ወደ እናቷ ዞር አለች። ምንትዋብ ግን ዝም አለች። ባሏን የጫነው አምቡላንስ አምና የቆመው እዚያው መገናኛ ላይ ነበር፤ መኪኖቹ ተጣብቀው በፊቱ ሲያልፉ እርሷ ከውስጥ የባሏን እጅ ይዛ ነበር፤ ሐኪም ቤት በሕይወት አልደረሰም። ስለዚያ ቀን ለብሌን እንኳ መንገዱ ተዘግቶ ነበር ከማለት ያለፈ አልነገረቻትም። አሁን ልጇ ከሚዘጉት አንዷ ልትሆን ነው፤ እናትየውም በዝምታዋ ፈቀደች። ይህን እያወጣች እያወረደች እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ ነጭ እጅጌ ያጠለቁ አንዲት አሮጊት የትራፊክ ፖሊስ ከራስጌዋ ቆመው ነበር። ፊሽካ አልያዙም። «ተነሺ ልጄ፣ መንገድ ላሳይሽ» አሏትና ተከተለቻቸው።

መጀመሪያ የደረሱት ዳርቻው ከማይታይ አውራ ጎዳና ነው። በጎዳናው ላይ መኪኖች በመካከላቸው ወረቀት እንኳ እንዳይገባ ሆነው ተጣብቀው ቆመዋል፤ ሣሩ ጎማቸውን ውጦታል፤ ቀለማቸው ተልጧል፤ በጎን መስታወቶቻቸው ላይ ወፎች ጎጆ ሠርተዋል። ሾፌሮቹ ጢማቸው መሪው ላይ ተኝቶ፣ እግራቸውን ከፍሬን፣ ዐይናቸውን ከፊተኛው መኪና ሳያነሱ ተቀምጠዋል። ከመጋቢው መንገድ የሚጠብቁት ደግሞ ፍሬቻቸው ደክሞ ሊጠፋ ሲል ብልጭ ይላል። ምንትዋብ ወደ አንዱ ሾፌር ቀርባ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ ጠየቀችው።

«ሴትዮ፣ መኪናዬን አትደገፊ፤ ክፍተት ያለ ይመስላቸዋል» አላት ሳያያት። ከዚያ ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ከመጣ ጀምሮ ማንም ከፊቱ እንዳልገባ ነገራት።

ምንትዋብ የፊተኛውን መኪና አየች። በሩ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ላይ አረም በቅሏል። ሾፌሩ ከወረደ ብዙ ዘመኑ ነው። ይህንኑ ስትነግረው ሰውየው ትንሽ አሰበና «ቢሆንም አልተቀደምኩም» አለ።

ኮረብታውን ተሻግረው ወደ ሁለተኛው አገር ገቡ። የዚህኛው አገር ሰዎች በጎረቤቶቻቸው አፍረው፣ እንደ እነርሱ ላለመሆን የማሉ መሆናቸውን አሮጊቷ አስረዷት። ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሾፌሮቹ ሁሉ ወርደው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እርስ በርስ ይለማመናሉ። አንዱ ይቅደሙ ሲል ሌላው እርስዎ እያሉ እንዴት ተደርጎ ይላል፤ ሦስተኛው በሞቴ ብሎ የሁለቱንም ክንድ ይጎትታል። ሙሽሮችን የጫነው መኪና ውስጥ ሚዜዎቹ አንቀላፍተዋል፤ የሙሽራዋ አበባ ጠውልጓል። ምንትዋብ ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

«እነዚህስ እኛው ነን» አለች።

«በር ላይ የለመዳችሁትን መንገድ ላይ አመጡት» አሉ አሮጊቷ። «ልመናቸው ከወዲያኞቹ ኩራት በምን ተሻለ? ሁለቱም መንገድ ዘግተዋል።»

ሦስተኛው አገር ሲደርሱ ለምንትዋብ አስቀድሞ የታወቃት የጥሩምባ ድምፅ አለመኖሩ ነው። ሁለት መንገድ ከሁለት አቅጣጫ መጥቶ አንድ ይሆናል፤ አንድ መኪና ከዚህ፣ አንድ መኪና ከዚያ፣ ሞያ ያላት ሴት እንደጎነጎነችው ሹሩባ። የባለጸጋው መኪና ጎመን የጫነውን አይቀድመውም፤ ጎመን የጫነውም ስለተሰጠው ተራ ጎንበስ ቀና አይልም። ማንም አይለምን፣ ማንም አያመሰግን፤ ሁሉም ተራውን ያውቃል። በዚህ መካከል የአምቡላንስ ጩኸት ተሰማ። መኪኖቹ ሁሉ ወደ ዳርና ዳር ተጠጉ፤ መካከሉ ባዶ ሆነ።

«ማን ታሞ ነው?» አለች ምንትዋብ።

«እዚህ ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ማንም ይሁን ያልፋል።»

«ይደርሳል?»

«ይደርሳል፣ ልጄ።»

አምቡላንሱ ከዐይኗ እስኪሰወር ቆማ አየችው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ስትዞር ፊቷ በቁጣ ተለውጦ ነበር። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን እንደማይደረግ፣ እነዚህን ሰዎችስ ማን እንዳዘዛቸው ጠየቀች። አሮጊቷ ትእዛዙ እርሷም አገር ተጽፎ እንዳለ ነገሯት።

«እዚህ የጀመረችው አንዲት ሴት ናት» አሉ። «አንድ መኪና አስገብታ መንገዷን ቀጠለች። ከኋላ ሰደቧት። በማግስቱ ደገመችው።»

«ሞኝ አላሏትም?»

«ብለዋታል እንጂ። ይህ ቦታ ዛሬም ስሙ የሞኟ መገናኛ ነው።»

ምንትዋብ የነቃችው ብሌን በሩን ስታንኳኳ ነው። ተነሥታ ለበሰች፤ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላም ከጎኗ ተቀመጠች።

መገናኛው ሲደርሱ ከመጋቢው መንገድ አንድ ሚኒባስ ፍሬቻ እያበራ አፍንጫውን ብቅ አደረገ። ብሌን መሪውን ጨበጥ አድርጋ ከፊቷ ወዳለው መኪና ተጠጋች።

«እማዬ፣ ልዝጋበት?»

«አስገቢው» አለች ምንትዋብ። «አንዱን ብቻ። ከዚያ ተራው ያንቺ ነው፤ ሂጂ።»

ብሌን ቆመች። ከኋላ ያለው ሾፌር ጥሩምባውን አንባረቀው፤ አንገቱንም በመስኮት አውጥቶ «እትዬ፣ ጽድቅ ካማራችሁ ቤታችሁ ጽደቁ፤ እኛ ሥራ አለን!» አለ። ሚኒባሱ ሳያመሰግን ገባ። ምንትዋብ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ነገም በዚሁ ሰዓት እናስገባለን፤ ስድብህን አዘጋጅተህ ና» አለችው፤ መስኮቱንም ሳትዘጋ ተወችው።

ብሌን መኪናውን አንቀሳቀሰች። «ምን ነካሽ ዛሬ?» አለቻት።

«የአባትሽ አምቡላንስ የቆመው እዚህ ነው» አለች ምንትዋብ። «ያን ቀን ያየሁትን እነግርሻለሁ። ትናንት ማታ በሕልሜ ያየሁትንም። ለአጎትሽም እነግራቸዋለሁ፤ ይሳቁ ከፈለጉ። አንቺ ብቻ ዐይንሽን ከመንገዱ አታንሺ።»

ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ፣ ታሪኩን ከአምቡላንሱ ውስጥ ጀመረች።